ካክተስና ውሃ ቋጣሪ ተክሎችን በደሴና በኮምቦልቻ ማሳደግ፦ ከአፈር ዝግጅት እስከ አበባ

በደሴ በረንዳዎች ላይ ካክተስን የሚገድለው ጥማት ሳይሆን የሲኒ እጣቢ ነው። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሲጠጣ ሲኒው ይለቀለቃል፤ እጣቢው በአቅራቢያው ወዳለው የአበባ ማሰሮ ይደፋል። ቶናው ሲጠጣም፣ በረካው ሲያበቃም እንዲሁ። በቀን አንድ ጊዜ ቡና የሚፈላበት ቤት ተክሉን ሦስት ጊዜ ያጠጣል ማለት ነው፤ ያውም ስኳር ወይም ጨው ባለበት ውሃ። የመጀመሪያዋ ካክተሴ፣ ጡጫ የምታክል ክብ ማሚላሪያ፣ የሞተችው በዚህ መንገድ ነበር። ከላይ ስትታይ አረንጓዴና ጤነኛ ነበረች። ቦታ ልቀይርላት በጋዜጣ ጠቅልዬ ስይዛት ግን ከሥሯ ተለይታ እጄ ላይ ቀረች፤ ውስጧ እንደ በሰበሰ ድንች ቀልጦ ነበር። እናቴ ደንግጣ "ልጄ፣ የጠማት መስሎኝ እኮ ነው" አለችኝ።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ ኮምቦልቻ። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የሚለያየን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። ይህ የከፍታ ልዩነት በሙቀት ሲመነዘር አራት ዲግሪ ያህል ይሆናል። እያንዳንዱን አዲስ ተክል ለሁለት እየከፈልን አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ስናሳድግ ዓመታት አልፈዋል። ቀጥሎ ያለው መመሪያ ከዚያ ልምድ የተገኘ ነው። ሁለቱ ከተሞች በሚለያዩበት ቦታ ለየብቻ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ፣ የቀን መቁጠሪያውን ማስተካከል

ስለ ካክተስ የሚገኘው ምክር በአብዛኛው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ የተጻፈ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ አብዝታችሁ አጠጡ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት አሳርፉ ይላል። እዚያ ሐምሌ ፀሐይ የሚበረታበት፣ ቀኑም የሚረዝምበት ወር ስለሆነ ምክሩ ትክክል ነው። እኛ ዘንድ ግን ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ላይ የሚተኛበት፣ የተሰጣ ልብስ ሦስት ቀን የማይደርቅበት ጊዜ ነው። በዚያ ወር እንደ መጽሐፉ ያጠጣ ሰው በመስከረም ባዶ ማሰሮ ይቀረዋል።

ደሴ በ11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅም ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ለእኛ ወቅቱን የሚወስኑት የብርሃኑ ብርታት፣ የአየሩ እርጥበትና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ናቸው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ተክሉ ይነቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ይደርቃል፤ ያርፋል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ዋናው የማደጊያ ጊዜ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ደግሞ ሥራችሁ ተክሉን በሕይወት ማቆየት ብቻ ነው።

ቁልቋል ሁሉ ካክተስ አይደለም

እሾሃምና ሥጋማ የሆነውን ሁሉ ቁልቋል ማለት ለምደናል። በአጥርና በገደል አፋፍ የምናውቀው፣ ቅርንጫፎቹን እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የሚዘረጋው ቁልቋል የዩፎርቢያ ወገን ነው፤ አገሩም እዚሁ ነው። ካክተሶች ግን ከአንድ ዝርያ በስተቀር በተፈጥሯቸው የአሜሪካ አህጉር ተክሎች ናቸው። ቋንቋችን ይህን ልዩነት ይዞት ኖሯል፦ ከሜክሲኮ የመጣውን በለስ "የባሕር ቁልቋል" ይለዋል፣ ባሕር ዛፍንና የባሕር ማሽላን እንደሚለው። ይህን ስም ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ለመለየት እሾሁ የበቀለበትን ቦታ በቅርብ እዩ። የካክተስ እሾህ የሚወጣው ከትንሽ፣ ጥጥ ከመሰለች ክብ ትራስ ላይ ነው። ቁልቋል ይህ ትራስ የለውም፤ ሲጫር ደግሞ ነጭ ወተት ያወጣል። ልዩነቱ ለእውቀት ብቻ አይደለም። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ እይታን ሊጎዳ ይችላል። ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ሂዱ።

በምን ልጀምር?

ገንዘብ ሳታወጡ መጀመር ትችላላችሁ። እሬት በየሰፈሩ አለ። በአጥር ሥር የሚበቅለው፣ ወፍራም ቅጠል ያለው እንዳሁላ የካላንቾ ወገን ነው። ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ ለምናችሁ ስትጀምሩ አንድ የማይገዛ ጥቅም ታገኛላችሁ፦ ተክሉ የከተማችሁን አየር ለምዷል።

ለደሴ ብርድ የሚጠኑት ኤቼቬሪያ (ቅጠሎቹን እንደ ጽጌረዳ የሚደረድረው)፣ ሴደም፣ ክራሱላ፣ ከካክተስ ደግሞ ማሚላሪያ፣ ኢኪኖፕሲስና ሬቡቲያ ናቸው። በኮምቦልቻ እነዚህም ያድጋሉ፤ በተጨማሪ ሙቀት ወዳዶቹ ሳንሰቬሪያ፣ እሾሃማው ዩፎርቢያ ሚሊና የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው አዴኒየም እዚያ ይመቻቸዋል። አዴኒየም ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ይታመማል። ሁለት ጊዜ ደሴ ላይ ሞክሬ ሁለቱንም በታኅሣሥ አጥቻለሁ። አሁን እህቴ ቤት ሄጄ እያየሁት እረካለሁ።

በግ ወይም ፍየል ያላችሁ ሰዎች በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ልጆች የሚደረድረውን የካላንቾ ዓይነት ከግቢ አርቁት። ልብን የሚጎዳ መርዝ አለው፤ የረገፉት ልጆቹም በየስንጥቁ ይበቅላሉ።

ቦታና ብርሃን

በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ፈልጉ። ከጦሳ ግርጌ ያሉ ቤቶች ከሰዓት በኋላ ቶሎ ጥላ ስለሚያርፍባቸው የጠዋቱን ፀሐይ የሚያገኝ ወገን ይሻላቸዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ፦ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በእኛ አናት ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በበጋ ደግሞ ወደ ደቡብ። በጥር ፀሐይ የሞላው የደቡብ መስኮት በግንቦት ጨልሞ ብታገኙት አትደነቁ፤ ተክሉን ይዛችሁ ፀሐይዋን ተከተሉ።

ብርሃን ያነሰው ተክል አንገቱን ያሰግጋል፤ ኤቼቬሪያ ቅጠሎቿ ተራርቀው ግንዷ ይታያል፣ ክብ ካክተስ ጫፉ ይሾላል። አንዴ የሾለ አካል ተመልሶ አይወፍርም። ይህን አይቶ ተክሉን በአንድ ቀን ወደ ቀትር ፀሐይ ማውጣት ግን ሌላ ጥፋት ነው፤ በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ቆዳው ይነጣል፣ ጠባሳው አይጠፋም። በመጀመሪያው ሳምንት የጠዋት ፀሐይ ብቻ ይግኝ፣ በሁለተኛው እስከ ረፋድ፣ በሦስተኛው ቀኑን ሙሉ። ኮምቦልቻ ላይ በሚያዝያና በግንቦት ከቀትር በኋላ ስስ ጨርቅ መጋረድ ጥሩ ነው።

አፈሩ

ከዚህ ሁሉ ሥራ አንዱን ብቻ በደንብ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። የጓሮ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ መረሬ አፈር ደግሞ ጨርሶ አይነካም። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሳል።

የሚያስፈልጋችሁ ለብሎኬት የሚጠቀሙበት ቀላልና ቀዳዳማ ድንጋይ፣ ፑሚስ፣ ወይም ቀይ ገረጋንቲ ነው። ግንባታ ካለበት ቦታ ጠይቃችሁ አንድ ፌስታል ብትወስዱ ለአሥር ማሰሮ ይበቃል። በወንፊት ንፉት፤ ያለፈውን ዱቄት ጣሉት፣ የቀረውንም ከሽንብራ የሚበልጠውን ለቅማችሁ አውጡ፤ ከዚያ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። የደሴው ድብልቄ ይህ ነው፦ ሦስት ጣሳ ፑሚስ ወይም ገረጋንቲ፣ አንድ ጣሳ ሸካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ ጣሳ በደንብ የበሰለ ብስባሽ። እህቴ በኮምቦልቻ ቶሎ ስለሚደርቅባት ብስባሹን ሁለት ጣሳ ታደርገዋለች። ለእሬትና ለእንዳሁላ እኔም እንደ እሷ አደርጋለሁ።

ብስባሹን ከመደባለቃችሁ በፊት ረጠብ አድርጋችሁ በአሮጌ ብረት ምጣድ ላይ፣ ክዳን ገጥማችሁ፣ በለስላሳ እሳት ለግማሽ ሰዓት አሙቁት። እንዳይቃጠል አማስሉት። የተባይ እንቁላልና የሻጋታ ዘር የሚሞተው ያኔ ነው። ትኩስ ፍግ አትጨምሩ፣ ሥር ያቃጥላል። አመድም ይቅር፣ አፈሩን ከልክ በላይ አልካላይን ያደርገዋል።

ድብልቁ መድረሱን የምታውቁት አርጥባችሁ በእጃችሁ ስትጨብጡት ነው። ጭብጦ ሆኖ ከቆየ ጠጠር ጨምሩ፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ከፈረሰ ደርሷል።

ማሰሮው

ሸክላ ውሃውን በጎኑም ያተናል፤ ለደሴ ከፕላስቲክ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። በኮምቦልቻ ፕላስቲክም ይሠራል። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ የተቆረጠ የዘይት ጄሪካን፣ አንገቱ የተሰበረ ጀበና ሁሉም ይሆናሉ፤ ግዴታው ከታች ቀዳዳ መኖሩ ነው። ቆርቆሮውን ገልብጣችሁ በወፍራም ምስማር አራት አምስት ቦታ ብሱት። ስፋቱ ከተክሉ በሁለት ጣት ያህል ብቻ ይብለጥ፤ ሰፊ ማሰሮ ሥሩ የማይደርስበትን ውሃ ይይዛል።

ውሃ እንዲያሳልፍ ተብሎ ከታች ድንጋይ የመደርደር ልማድ አለ። ተዉት። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሰፊ ክፍተት በቀላሉ አይወርድም፤ ከድንጋዩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ይይዘዋል፤ በዚህም ረግረጉ ወደ ሥሩ ቀርቦ ያርፋል። ቀዳዳውን በአንዲት ገል ሸፍናችሁ ድብልቁን ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት አድርጉት።

መትከል

1. ተክሉን ከአሮጌው አፈር አውጡ። እሾሃሙን በታጠፈ ጋዜጣ እንደ መቀነት ጠምጥማችሁ ያዙት። የበለስ ወገን ከሆነ ከትልቁ እሾህ ይልቅ እንደ ፀጉር የሚረግፈውን ደቃቁን ፍሩ፤ እጃችሁ ላይ ከገባ በማጣበቂያ ፕላስተር እየለጠፋችሁ አንሱት።
2. የደረቀና የጠቆረ ሥር ቁረጡ። ጤነኛ ሥር ሲሳብ አይላጥም።
3. ሥሩ በጥላ ሦስት ቀን ይድረቅ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ያልሻረ ቁስል እርጥበት ሲያገኝ የሚበሰብሰው እዚህ ላይ ነው።
4. በደረቅ ድብልቅ ትከሉት፤ የተክሉ አንገት ቀድሞ ከነበረው አይጥለቅ። ላዩን በጠጠር አልብሱት።
5. ለአንድ ሳምንት ውሃ አትስጡት።

ማሰሮ የመቀየሪያው ወር በደሴ የካቲትና መጋቢት ነው። በኮምቦልቻ ጥቅምትም ይሆናል። በሐምሌ ማሰሮ የምትቀይሩት ተክሉ መበስበስ ጀምሮ ለማዳን ስትሉ ብቻ ነው።

ውሃ

ቀን አትቁጠሩ፤ አፈሩን ጠይቁ። ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ማሰሮው መጨረሻ ሰክታችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ሲወጣ ከጠቆረ ወይም አፈር ይዞ ከመጣ ጠብቁ። ደርቆ ከወጣ ከታች እስኪፈስ አጠጡ፤ ከሥሩ የተቀመጠውን ሳህን ወዲያው ድፉት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ላዩን እያረጠበ ሥሩን ያስርባል።

ለግምት ያህል ግን የእኔ ልምድ ይህ ነው። ደሴ ላይ ከየካቲት እስከ ግንቦት በየአሥር ቀኑ፣ በጥቅምት በየሁለት ሳምንቱ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ለካክተሶች በወር አንድ ጊዜ፣ ለቅጠላሞቹ በየሦስት ሳምንቱ። ኮምቦልቻ ላይ በማደጊያው ወቅት በየሳምንቱ፣ በበጋው በየሦስት ሳምንቱ። በደሴ በጠዋት አጠጡ፣ ሌሊቱ ሳይመጣ ላዩ እንዲደርቅ። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውሃ ካላችሁ በክረምት ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

የእጣቢውን ነገር ከእናቴ ጋር የፈታነው ረከቦቱ አጠገብ ጎድጓዳ ሳህን በማስቀመጥ ነው። ቡናችሁ ዘወትር የሚፈላው በረንዳ ላይ ከሆነ እናንተም ይህን አድርጉ፤ ከማስጠንቀቂያ ይልቅ ሳህኑ ሠርቷል።

ክረምቱንና ውርጩን ማለፍ

ሰኔ 15 አካባቢ ሁሉንም ጣሪያ ሥር አስገባለሁ። ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ካለ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጎንና ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። ዝናብ ከልክሎ አየር የዘጋ ላስቲክ ሻጋታ ያፈላል። ማሰሮዎቹ መሬት ሳይነኩ ብሎኬት ላይ ይቀመጡ፣ እርስ በርስም አይነካኩ። ካክተሶቹ በሐምሌና በነሐሴ ጭራሽ ባይጠጡ አይሞቱም፤ ቢኮማተሩ በመስከረም ይሞላሉ። ቅጠላሞቹ ቅጠላቸው ሲለሰልስ ብቻ፣ ፀሐይ በወጣበት ጠዋት፣ በግማሽ ስኒ።

ውርጭ የሚያሰጋው የደሴ ሰዎችን ነው፤ በተለይ ቀዝቃዛ አየር ወርዶ በሚተኛባቸው ዝቅ ያሉ ቦታዎች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ የሌለበት ሌሊት ሲመጣ ማሰሮዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠግታችሁ ጋዜጣ ወይም ጆንያ አልብሷቸው፤ ጠዋት ግለጡ። ደረቅ አፈር ላይ ያለ ተክል ብርዱን ይቋቋማል፤ በውሃ የተሞላው ግን ውስጡ ያለው ውሃ በርዶ ይፈነዳል።

ማባዛት

ለኤቼቬሪያ ከታች ያለውን ጤነኛ ቅጠል በጣቶቻችሁ ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ከነመሠረቱ ንቀሉ፤ ግማሹ ግንድ ላይ ከቀረ አይበቅልም። ሦስት ቀን በጥላ አድርቁና በድብልቁ ላይ አጋድሙት፤ አትቅበሩት። መጀመሪያ ሐምራዊ ክር የመሰለ ሥር ይወጣል፣ ቀጥሎ የምስር ፍሬ የምታክል ጽጌረዳ። እናት ቅጠሉ እስኪጨማደድ ድረስ ከእሱ ትጠባለችና አትንጠቋት። በታኅሣሥ ከአንድ ተክል ላይ እኩል ቅጠል ተካፍለን ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እህቴ ደውላ "እታለም፣ የእኔዎቹ ሥር አወጡ" አለችኝ። የእኔዎቹ ለማውጣት ወር ፈጁ።

የካክተስ ቁራጭ እንደ ውፍረቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይድረቅ፤ የተቆረጠው ፊት ጠንክሮ እንደ ሻረ ቁስል ሲሆን ትከሉት። እሬት ከጎኑ የሚያወጣቸውን ልጆች የእናቲቱን ሲሶ ሲያክሉ ከነሥራቸው ለዩ።

ሲታመም

ከግንዱ ሥር መለስለስና መጠቆር ካያችሁ አትጠብቁ። ቢላዋውን በአልኮል ወይም በበረኪና አጽድታችሁ ከጤነኛው ወገን ቁረጡ፤ የተቆረጠው ፊት መሃል ላይ ቡናማ ወይም ብርቱካናማ ነጥብ ካለ ቢላዋውን እንደገና አጽዱና ከዚያ በላይ ቁረጡ። ሁሉም ንጹሕ አረንጓዴ ሲሆን አድርቁት። አንድ ትልቅ ኢኪኖፕሲስ አምስት ጊዜ ቆርጬ የሎሚ ያህል ብቻ ተርፎልኛል፤ ዛሬ ክንድ ያክላል።

በቅጠል መጋጠሚያ ላይ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነገር ሚሊባግ የተባለ ተባይ ነው። ጥጥ በ70 በመቶ አልኮል ነክራችሁ አንድ በአንድ ጥረጉ፤ በሳምንቱ ድገሙት፣ ከእንቁላል የሚፈለፈሉ ስላሉ። ያለ ምክንያት የሚጫጭ ተክል ካለ ከማሰሮው አውጥታችሁ ሥሩን እዩ፤ እዚያም ይደበቃል። አዲስ የመጣ ተክል ለአንድ ወር ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጥ።

መሰብሰብ

ስብስብ የሚባለው ስሙና ምንጩ የታወቀ ተክል ነው። ለእያንዳንዱ ከጄሪካን የተቆረጠ ምልክት ሰክታችሁ ስሙን፣ የመጣበትን ቤትና ቀኑን በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክርቢቶ ቀለም በፀሐይ ይጠፋል፣ እርሳስ ይቆያል። አበባ ያወጣበትን ወር በደብተር መዝግቡ።

ከተራራ አትንቀሉ። ኢትዮጵያ ከሌላ አገር የማይገኙ የእሬት ዝርያዎች ያሏት አገር ናት፤ አንዱ እግር ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ፎቶ አንሱት፣ ዘሩ ከደረሰ ጥቂት ፍሬ ውሰዱ። በመቃብር ላይ የተተከለ እሬት ደግሞ የባለቤቱ ነው፤ አይነካም። ወደ ውጭ አገር መላክ ወይም ማስመጣት ካሰባችሁ፣ ካክተሶች ከጥቂቶች በስተቀር፣ እሬቶችም ከተለመደው አሎ ቬራ በቀር፣ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር መሆናቸውን እወቁ። የበለስ ቁራጭም ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ በወደቀበት ይበቅላል። በሰሜን ኢትዮጵያ ግጦሽ የወረረባቸው ቦታዎች አሉ።

አበባው

ብዙ ክብ ካክተሶች እንዲያብቡ ቀዝቃዛና ደረቅ እረፍት ይፈልጋሉ። በአውሮፓ ይህን ለማግኘት ተክሉን ቀዝቃዛ ክፍል ያስገቡታል፤ ለደሴ ሰው ግን የኅዳርና የጥር ሌሊት በነጻ ይሰጠዋል። በዚህ ጉዳይ ኮምቦልቻ አትደርስብንም፤ ያው ኢኪኖፕሲስ እህቴ ቤት በፍጥነት ያድጋል፣ እኔ ቤት ግን አስቀድሞ አበበ። ሦስት ወር ውሃውን ቀንሱበት፤ በየካቲት ማጠጣት ጀምሩ፤ በጎኑ ላይ ፀጉራም እብጠት ስታዩ ማሰሮውን አታዙሩት፣ እምቡጡ ሊረግፍ ይችላል።

የእኔው በሚያዝያ አንድ ቀን ሲመሽ ጀመረ። እምቡጡ ከስንዝር የረዘመ ግንድ አውጥቶ ወደ ጎን አዘንብሎ ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጫፉ ተሰነጠቀ፤ አራት ሰዓት ሲሆን ነጭ አበባው የቡና ሳህን ያህል ተከፍቶ፣ መዓዛው በረንዳውን ሞላው። እናቴ ጎረቤት ጠርታ በዚያ ሰዓት ቡና አፈላች፤ እጣቢውንም ሳህኑ ውስጥ ደፋች። በማግስቱ ቀትር ላይ አበባው ጠወለገ። እንዲህ ሲሆን ግንዱን አትቁረጡት፤ ራሱ ደርቆ ሲወድቅ ሥሩ ላይ ቁስል አይተውም።